የመጫኛ መመሪያው ሲያረጅ የጤና ሪፖርቱ ይዘገያል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ወረታ የፎገራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በሩዝ ምርቱ የታወቀ ሲሆን፣ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ስለሚፈሱበት ጎርፍና ወባ ተለይተውት አያውቁም። የጤና መረጃ በወቅቱ መድረስ በዚህ አካባቢ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በ1997 ዓ.ም ታይቷል። በዚያ ዓመት በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ወረዳ የተከሰተው ሕመም በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ሲገመት ቆይቶ፣ ካላ አዛር መሆኑ የተረጋገጠው ሕመሙ ከተስፋፋ በኋላ ነበር። ወረርሽኙ ፎገራንም አዳርሷል።

ከዚያ ወዲህ የሪፖርት አሠራሩ ተለውጧል። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን፣ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማውንና የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበትን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውሏል። ሶፍትዌሩ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ይሠራል። የኔትወርክ ግንኙነት ለሌላቸው ተቋማትም በራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ መረጃው ቆይቶ ወደ ማዕከል የሚላክበት ዘዴ ተዘርግቷል። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ ሲታሰብ የዚህ ዘዴ ጠቀሜታ ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ በተቋም ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ ካለው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የማዕከሉን ሰርቨር የሚንከባከቡት ጥቂት ባለሙያዎች በአንድ ቦታ ይገኛሉ። በየተቋሙ ያለውን የሚጭነው፣ ሲበላሽም እንደገና የሚጭነው ግን በወረዳ ደረጃ ያለ ባለሙያ ሲሆን መመሪያው በእጁ ያለው ሰነድ ብቻ ነው። ሰነዱ ከሦስት ዓመት በፊት ተባዝቶ የተሰጠው ከሆነ ባለሙያው በታማኝነት የሚፈጽመው ከሦስት ዓመት በፊት የነበረውን መስፈርት ነው።

መስፈርቱ ደግሞ ባለበት አይቆምም። የዲኤችአይኤስ 2 የመጫኛ ሰነድ ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚለው ሲታይ ልቅ ይመስላል፤ ተፈላጊው የጃቫ ስሪት እስካለው ድረስ ሊኑክስም ሆነ ዊንዶውስ ያገለግላል ይላል። ገደቡ የተቀመጠው በጃቫው በኩል ነው። ከስሪት 2.35 በፊት የነበሩት በጃቫ 8 ይሠሩ ነበር፤ ከ2.38 ጀምሮ ጃቫ 11 ግዴታ ሆነ፤ 2.41 ደግሞ ያለ ጃቫ 17 አይነሣም። እያንዳንዱ አዲስ ጃቫ አሮጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችን ከሚደገፉት ዝርዝር እያስወጣ ስለሚሄድ፣ «ማንኛውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፊደሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ይጠባል። አልሚዎቹ ድጋፍ የሚሰጡት ለመጨረሻዎቹ ሦስት ስሪቶች ብቻ በመሆኑ በአሮጌው ላይ መቆየትም የሚያዛልቅ አይደለም።

«ኮምፒዩተሩ እየሠራ ነው፤ ለምን ይነካል?» የሚለው አስተያየት በጽሕፈት ቤቶች የተለመደ ነው። አስተያየቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በሪፖርት ማቅረቢያ ቀን ዋዜማ ሥርዓቱን የሚቀይር ኃላፊ ሊመሰገን አይገባውም። ሆኖም መሥራትና መደገፍ የተለያዩ ናቸው። ድጋፉ ያበቃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በማግስቱም ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝበት የደህንነት ክፍተት ግን አይደፈንለትም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የሕሙማን መረጃ መሆኑ ደግሞ መዘንጋት የለበትም።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደው የጊዜ ሰሌዳው ነው። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይመከር የነበረው ኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው በግንቦት 2017 ዓ.ም ሲሆን፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። የመጀመሪያው የ2018 በጀት ዓመት ሊጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሁለተኛው በጀቱ ጸድቆ ሦስት ወር ካለፈው በኋላ መሆኑ ነው። ሁለቱም ቀናት ከዓመታት በፊት የተገለጹ ስለነበሩ በዕቅድ ሊያዙ ይችሉ ነበር። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ደህና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ወደ እርሱ መሸጋገር አይችሉም። ለእነዚህ የሚቀረው አማራጭ ወይ አዲስ ግዢ ነው፣ ወይ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ መጫን ነው። ሁለተኛው ለግዢ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሥልጠና ግን ይጠይቃል፤ ሥልጠናም በጀት ነው።

ጉዳዩ በጤናው ዘርፍ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ለጽሕፈት ሥራ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ በ2010 ዓ.ም በወጣው 6.0 ስሪቱ ዊንዶውስ ኤክስፒንና ቪስታን፣ በ2017 ዓ.ም ማብቂያ በወጣው 25.8 ደግሞ ዊንዶውስ 7ንና 8ን ትቷል። ይህን ሳያውቅ ከኢንተርኔት አዲሱን ስሪት አውርዶ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ለመጫን የሚሞክር ሠራተኛ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ቀኑን ያባክናል።

ስለዚህ ጥያቄው ሰነዱን የማደስ ኃላፊነት የማን ነው የሚል ይሆናል። የአልሚዎቹን ሰነድ አልሚዎቹ ያድሳሉ፤ ምንጩ ክፍት በመሆኑ ኢትዮጵያዊ ባለሙያም የማስተካከያ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። በአገር ውስጥ ተዘጋጅቶ ወደ ወረዳ የሚወርደው ቅጂ ግን ባለቤት ያስፈልገዋል። በሽፋኑ ላይ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ የተረጋገጠበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የድጋፉ ማብቂያና ሰነዱ የሚከለስበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሰፍር ሥራው የአንድ ገጽ ነው። የኮምፒዩተር ግዢ ዝርዝር የሚያዘጋጀው ክፍልም ያንኑ ገጽ ቢይዝ፣ ገና ሲገዛ የመስፈርቱ ጊዜ ያለፈበት ዕቃ ወደ መጋዘን አይገባም። ክለሳው ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት፣ ማለትም ከሰኔ በፊት ካልተደረገ ግን ለዚያ ዓመት ፋይዳው አነስተኛ ነው።

20.04ን የተካው ኡቡንቱ 22.04 መደበኛ ድጋፉ የሚያበቃው በ2019 በጀት ዓመት የመጨረሻ ሩብ ዓመት ነው። ተከታዩ 24.04 ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም ጀምሮ ይገኛል።