ለዕረፍት ሄዶ መሮጥ ምን ይሉታል?

እኛ ውጭ የምንኖር ሐበሾች ጉዞ እንወዳለን፤ ዕረፍት ግን አናውቅበትም። አብዛኛው ጉዟችን ወደ አገር ቤት ነው፦ ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ የተጀመረ ቤት ለማየት። ሻንጣ እስኪበቃው ይጠቀጠቃል፤ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ሲዞር ይከረማል፤ ሲሄዱ ከነበረው ብሶ ተደክሞ ይመለሳል። «እስቲ አውሮፓን ልየው» ብሎ የተነሣውም ቢሆን ሩጫውን ይዞት ይሄዳል። በአንድ ሳምንት ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ አምስተርዳም፣ ሮም። ፎቶ፣ ባቡር፣ ፎቶ፣ አውሮፕላን። ሰኞ ጠዋት ሺፍት አለ።

በሁለት ሥራ ሞርጌጅ እየከፈለ፣ አገር ቤትም እየላከ የሚኖር ሰው ሰዓቱን በዶላር ቢመነዝር አልፈርድበትም። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ደግሞ የሳምንት ዕረፍቷን ካገኘችም ትልቅ ነገር ነውና ይህ ጽሑፍ ለእሷ ቅንጦት ነው። የምናገረው አቅሙም ወረቀቱም እያላችሁ ዕረፍትን እንደ ሥራ ለምትሠሩት ነው። አራቱን ከተማ ተዉትና አንዱን ያዙ፤ እሱንም በብስክሌት።

ለዚህ እንደ ኔዘርላንድስ (ሆላንድ) የሚመች አገር አላየሁም። አገሩ ሜዳ ነው። ሕዝቡ 18 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ብስክሌቱ 23 ሚሊዮን አካባቢ እንደሚደርስ ይገመታል። በዩትሬክት ባቡር ጣቢያ ሥር ያለው ማቆሚያ ብቻ 12,500 ብስክሌት ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩተ ቢሮ በብስክሌት ሲገቡ እዚያ አገር የሚደነቅ አልነበረም። እኛ ዘንድ ብስክሌት ወይ የልጅ መጫወቻ ነው፣ ወይ መኪና መግዣ ያጣ ሰው ምልክት ነው፣ ወይ ደግሞ እንደ ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ድረስ የሚደርስ ጀግና የሚወዳደርበት ነው። እዚያ ግን አያት ጎመን ለመግዛት የምትወጣበት ነው።

እንዲህ የሆነው ደግሞ በተፈጥሯቸው አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነሱም ከተማቸውን ለመኪና አስረክበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በመንገድ አደጋ ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ400 በላዩ ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች መንገድ ላይ ወጡ፤ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል እንቅስቃሴ ተፈጠረ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ መንግሥት ለተወሰኑ እሑዶች መኪና ከለከለና ሕዝቡ ባዶውን አውራ ጎዳና አየው። ዛሬ የምታዩት ቀይ አስፋልት የለበሰ የብስክሌት መንገድ ከዚያ ትግል የተገኘ ነው። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ አንዳንድ እሑድ ጎዳና መዝጋት ስትጀምር ብዙዎቻችን ከሩቅ ሆነን ሳቅን። መሳቃችን ትክክል አልነበረም።

አምስተርዳም የገባ ሰው መሀል ከተማው ላይ መንዳት ልጀምር ቢል ይጸጸታል። የአገሩ ሰው ፈጣን ነው፣ ትዕግሥቱ አጭር ነው፣ የትራም ሐዲድ ደግሞ ጎማ ይይዛል። ይልቅ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ውጡ። እዚያ ወንዝ የመሰለውን ውኃ የምታሻግር ጀልባ አለች፤ ሰውንም ብስክሌትንም በነፃ ትወስዳለች። ተሻግራችሁ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ስትነዱ ከተማው አልቆ ላምና በግ ይጀምራል። ዱርገርዳም የምትባል መንደር አለች፤ የእንጨት ቤቶቿ በውኃ መከላከያው ግድብ ላይ ተሰልፈዋል። ጉልበት ያለው እስከ ማርከን ይቀጥል፤ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ድረስ ደሴት ነበረች፣ አሁን በግድብ ላይ በተሠራ መንገድ ይገባባታል።

ካርታም አያስፈልግም ማለት ይቻላል። መንገዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር አለው። ጠዋት የምታልፉባቸውን ቁጥሮች ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ምልክቱን እየተከተላችሁ መሄድ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ በእጅ ይዞ መንዳትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስቀጣል። ስትከራዩ ቀጥ ብላችሁ የምትቀመጡበትን፣ «የአያት ብስክሌት» የሚሉትን ጠይቁ። ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ስለሆነ መጀመሪያ ያደናግራል። ዳገት የለም ብላችሁ ግን አትኩራሩ፤ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ የእንጦጦን ዳገት ያስታውሳል።

በዚህ ፍጥነት ሲኬድ አገር ይታያል። ደስ ያላችሁ ቦታ ትቆማላችሁ፤ ቡና ትጠጣላችሁ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሽማግሌ ከየት መጣችሁ ይላል፣ እናንተም ለመመለስ ጊዜ አላችሁ። ከአስጎብኚ አውቶቡስ መስኮት ይህ አይገኝም። ባልና ሚስትም ጎን ለጎን እየነዱ በቤታቸው ያላወሩትን ሊያወሩ ይችላሉ፤ ሕጉም ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መንዳትን ይፈቅዳል።

ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነው፦ ብዙዎቻችን፣ በተለይ እናቶችና እህቶች፣ መንዳት አልተማርንም። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያደገ በሰዓት እየተከራየ ተምሯል፤ ሌላዋ በልጅነቷ «ትሰበሪያለሽ» ተብላ ቀርታለች። ሆላንድ ውስጥ ለስደተኛ ሴቶች የብስክሌት ትምህርት ይሰጣል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴቶችም ይማራሉ። ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁም ሰበብ የላችሁም። ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል የሚሄደው የድሮ ባቡር መስመር ዛሬ የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው፤ በፎልስ ቸርችና በሄርንደን በኩል፣ በብዙዎቻችሁ ሰፈር አጠገብ ያልፋል። በአንድ በጋ የቅዳሜ ጠዋቶች እዚያ ብትለማመዱ ለሆላንድ ሜዳ ትደርሳላችሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ አውሮፓን ሙሉ አትጨርሱት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግሪን ካርድ ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋልና አስቀድማችሁ ጀምሩ፤ ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል።