በሊብሬ የማይታወቅ የመሪ ጠባይ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሞዴሉ የስንት ዓመት እንደሆነ ነው። ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ስለሚከብድ፣ ዓመቱ ዋጋውን ይወስናል። ዓመቱ የማይናገረው ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መሪው በአሽከርካሪው እጅ ላይ የሚያሳድረው ስሜት ነው። ይህ ስሜት የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ተገቢ አይደለም፤ የደኅንነት መለኪያ ሆኖ ሊጠና ይገባዋል።

ስሙ አንድ የሆነ መኪና መሪው አንድ ላይሆን እንደሚችል የቶዮታ ኮሮላ ታሪክ ያስረዳል። በአሜሪካ ገበያ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የነበረው ኮሮላ የመሪ እገዛውን የሚያገኘው ሞተሩ ከሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ነበር። በ2009 ሞዴል ፓምፑ ቀርቶ በኤሌክትሪክ ሞተር ተተካ። በየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ የ2009 እና የ2010 ሞዴሎች በፍጥነት ሲነዱ ወደ ግራና ቀኝ ይዋልላሉ የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ምርመራ ከፈተ። የስሙ አለመለወጥ የመሪውን መለወጥ ከተጠቃሚው ዓይን ሰውሮት ነበር።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ ገጽታ ይጨምራል። ቪትዝ ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ያወጣው ስም ነው፤ ለብዙ የውጭ አገሮች የተላከው ያሪስ ይባላል። በጃፓን መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ በቪትዝ ስም ገብቶ መሪውን በግራ ይዞ የሚነዳ መኪና፣ በአብዛኛው መሪው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተዛወረ ነው። በዝውውሩ ወቅት የመሪው ዘንግ መጋጠሚያዎች በትክክለኛ አንግል ካልተቀመጡ፣ መሪው በአንድ ዙር ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይከብዳል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይቀላል። ሁለት ቪትዞች በዓመት እኩል ሆነው በመሪ ሊለያዩ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሊብሬው የተሠራበትን ዓመት ቢመሰክርም፣ መሪው የት፣ በማንና እንዴት እንደተዛወረ አይመሰክርም።

ከሆሳዕና በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ በሚወስደው ዓይነት ዳገትና ጠመዝማዛ በበዛበት መንገድ ይህ ልዩነት ዋጋ ያስከፍላል። ተቀጥሮ የሚነዳ ሰው ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን መኪና ይረከባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፋ አሽከርካሪ፣ የሃይድሮሊክ እገዛ ያለው መኪና ከያዘ መሪው ከሚጠበቅበት ቦታ ላይ ድንገት ይከብድበታል፤ የፍሬኑም እገዛ አብሮ ይደክማል። ከኋላ ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ስለሚቀንስ መሪው ይቀላል፤ የቀለለው መሪ ግን የበለጠ የሚታዘዝ መሪ አይደለም።

ልምድ ያለው አሽከርካሪ በጥቂት ኪሎ ሜትር ከአዲስ መሪ ጋር ይለማመዳል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እውነትነት አለው፤ ሆኖም የሚለማመደው ለተለመደው ጉዞ ነው። ልጅ ወይም ከብት ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ እጅ የሚታዘዘው ለቆየው ልማድ ነው። ሌላው ክርክር፣ በእነዚህ ከተሞች ካለው የመኪና እርጅና አንጻር የሞዴል ልዩነት ኢምንት ነው የሚለው ነው። ይህ ግን ጥናቱን አስፈላጊ እንጂ አላስፈላጊ አያደርገውም፤ ከንድፍ፣ ከመሪ ዝውውርና ከእርጅና የሚመጣውን ልዩነት ለይቶ የማያውቅ መካኒክ አንዱን በሌላው መድኃኒት ሊያክም ይሞክራልና።

ለዚህ ሥራ ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። መሪውን ለማዞር የሚጠይቀውን ኃይል በእጅ ሚዛን፣ ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው በባዶ የሚዞረውን ርቀት በማስመሪያ፣ ከመታጠፊያ በኋላ መሪው በራሱ የሚመለስበትን ጊዜ በሰዓት መለካት ይቻላል። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የምሕንድስና ተመራማሪዎች እነዚህን ሦስት ልኬቶች በአንድ ስም በሚጠሩ የተለያዩ ሞዴሎች ላይ ቢመዘግቡ፣ ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ሆነ ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና የሚጠቅም ውጤት ይገኛል። በምርመራው ቅጽ ላይም የእገዛው ዓይነትና መሪው የተዛወረ መሆን አለመሆኑ ሊሰፍር ይገባል።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ እገዛ ባለው መሪ የሚነዱ አዳዲስ መኪኖች ከአሮጌዎቹ ጋር አንድ መንገድ ላይ እየተገናኙ ነው። አዲስ መግባት የተከለከለባቸው አሮጌዎቹም በጋራዥ እየታደሱ ለብዙ ዓመታት መቆየታቸው አይቀርም። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው እጅ ግን የአንድ አሽከርካሪ ነው።