ምሽጉን የሚያውቁት ሳያልፉብን

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ስለ ስንዴ እርሻ መስፋፋት በምታወጧቸው ጽሑፎች ውስጥ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይጎድልብኛል፤ ትራክተር የሚገባበት መሬት ትናንት የጦር ሜዳ ነበር ወይ?

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲወር ውጊያው በኦጋዴን አልተወሰነም፤ በባሌ ቆላ በኩል ወደ እኛ ወደ ምሥራቅ ባሌም ዘልቋል። መደበኛው ጦር መጋቢት 1970 ላይ ከተባረረ በኋላም እዚህ የሽምቅ ውጊያው ቀጥሏል። የዚያ ዘመን የመድፍ ቀለህ ዛሬም ከዛፍ ተንጠልጥሎ የትምህርት ቤት ደወል ሲሆን አይቻለሁ። ባዶ ቀለህ አይጎዳም። ከብት ጠባቂው ልጅ ግን ባዶውን ካልፈነዳው በምን ይለያል? ቆራሌው እንደሆነ ብረቱን የሚገዛው በኪሎ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት 1,492 አካባቢዎች በፈንጂና ባልፈነዱ ተተኳሾች እንደተጎዱ መዝግቦ ነበር። በኋላ ባለሙያዎች ቦታው ድረስ ሄደው ሲያጣሩ ከተጠረጠረው መሬት አብዛኛው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ያልተመዘገቡ አደገኛ ቦታዎች ደግሞ ብቅ አሉ። ሁለቱም ስሕተት ገበሬውን ይጎዳል፤ አንዱ ደኅና መሬት ጦም ያሳድርበታል፣ ሌላው ሞት ያሳርሰዋል። ፈንጂን ለማጽዳት አገራችን በዓለም አቀፍ ስምምነት የገባችው ቀነ ገደብም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ እስከ ታኅሣሥ 2018 ደርሶ ነበር።

ስለዚህ አደገኛውን መሬት የሚለየው ጥናት ከነዋሪው ጋር ይሠራ እላለሁ። ፈንጂ መንካትና ማምከን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ምሽጉ የት እንደተቆፈረ፣ ከባድ መሣሪያው የት ተጠምዶ እንደነበር የሚያውቁት ግን የያኔው ሚሊሻዎችና ከብት ያሰማሩ የነበሩ አባቶች ናቸው። በ1969 የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረው ዛሬ ሰባ ሊሞላው ነው። የሚያውቀውን ካልጻፍንለት ይዞት ይሄዳል።

ብረት መፈለጊያ መሣሪያ የማያገኘው ጉዳትም አለ። የአሮጌ ተተኳሽ ቀፎ ሲዝግ ውስጡ ያለው ቅመም ወደ አፈርና ውኃ ይሰርጋል፤ በቀድሞ የተኩስ ማሠልጠኛ ቦታዎች የጥይት እርሳስ ከአፈሩ አይጠፋም። የትኛው ጎርፍ በየትኛው ገደል ወርዶ ወይብ ወንዝ እንደሚገባ ውኃ ቀጂዋን የመሰለ የሚያውቅ የለም። የአፈርና የውኃ ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ እሷ ታመልክት፤ ምርመራውን የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት ያግዙ።

አቅም የለንም የሚሉኝ አሉ። ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መድኃኒት በየመጋዘኑ ሲፈስ ግብርና ሚኒስቴርና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ተባብረው 1,500 ቶን ያህሉን ሰብስበው እንዲቃጠል ፊንላንድ ድረስ ልከዋል። የዚያን ጊዜ የተቻለው አሁን የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የምሥራቅ ባሌ ዞን አስተዳደር ሽማግሌዎችን፣ የመከላከያ መሐንዲሶችን፣ የግብርናና የውኃ ባለሙያዎችን በዚሁ በጋ ጊኒር ላይ አንድ ካርታ ፊት ያስቀምጥልን። መከላከያም የዚያን ዘመን የውጊያ መዝገብ ይዞ ይምጣ። ካርታው ሳያልቅ አዲስ መሬት ለትራክተር አይሰጥ።

አንባቢያችሁ፣ ከጊኒር