«ዲፕ ነው!» ስንት ሜትር?

አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል በከተማችን እንደ ልቡ ሲፈነጭ ዝም ብለን አየነው። አሁን ግን በቃን። ግጥም ሲነበብ «ዲፕ ነው!»። ፊልሙ ሳይገባን ሲያልቅ «ዲፕ ነው!»። ዝምተኛ ልጅ ካየን «ዲፕ ሰው ነው!»። «ምኑ?» ብሎ የጠየቀ ግን ፋራ ይባላል።

እንግሊዝኛን አንወቅስም። ባለቤቶቹ ቃሉን ሥራ ያሠሩታል። ለባሕር ሲሉት ይለካል፤ ቻሌንጀር ዲፕ የተባለው የውቅያኖስ ወለል ወደ 11 ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለእንቅልፍ ሲሉት የእኛ «ከባድ» ነው፤ ለድምፅ «ጎርናና»፤ ለቀለም «ጠቆር ያለ»። ዲፕ ለርኒንግ የሚሉት የኮምፒውተር ጥበብ እንኳ ስሙን ያገኘው ማሽኑ ፈላስፋ ስለሆነ አይደለም። መረጃው የሚያልፍባቸው ንብርብሮች ብዙ ስለሆኑ ነው። ንብርብሩ ደግሞ ይቆጠራል።

የእኛ «ዲፕ» አይለካም፤ አይቆጠርም። «አልገባኝም» ማለት ያሳፈረው ሰው የሚደርበው ካባ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ደህና የጻፈውም የቀባጠረውም እኩል «ዲፕ» ከተባሉ ደህና መጻፍ ምን ይሠራል?

«ጥልቅ» ብለን ብንተረጉመውም አልዳንም። በ2009 ዓ.ም. ኢሕአዴግ «በጥልቀት መታደስ» እያለ ስብሰባ በስብሰባ አድርጎን ነበር። ስንት ክንድ እንደወረደ ሳይነገረን ግንባሩ ራሱ በ2012 ዓ.ም. ከሰመ። አማርኛችንም ቀልድ ያውቃል፤ ሳይጠሩት ዘሎ የሚገባውን «ጥልቅ አለ» ይለዋል!

ወዳጆቻችን፣ እኛ እኮ የሰምና ወርቅ ልጆች ነን። ቅኔ የሚከበረው ስለተደበቀ ብቻ አይደለም። ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ስለሚገኝ ነው። «ወርቁ የታለ?» የተባለ የቅኔ ተማሪ «ዲፕ ነው፣ የኔታ» ብሎ አያመልጥም። እኛስ ለምን እናመልጣለን? በግጥም ምሽት «ምን ለማለት ነው?» ማለት ያፈረ ትውልድ ነገ በስብሰባ አዳራሽ ባለሥልጣኑን ሊጠይቅ ነው? እንጃ!

ስለዚህ ከእንግዲህ «ዲፕ ነው» ላለን ሁሉ ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ምን ቀዳህበት? ጉድጓድ ስለጠለቀ አይመሰገንም። የሚመሰገነው ውሃ ሲወጣው ነው። ደረቁ ጉድጓድ እግር ይሰብራል እንጂ ጥም አይቆርጥም።