ጋሻና ዘንግ ከተያዘ ሕግም ይያዝ



የካቲት 23 ቀን በደረሰ ቁጥር ወጣቶቻችን ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው፣ ጋሻና ጦር ይዘው ሲፎክሩ ማየት የተለመደ ሆኗል። በአርባ ምንጭም ተማሪዎች ከካርቶን ጋሻ ሠርተው፣ አንዳንዶቹም የአባቶቻቸውን ዱንጉዛ ለብሰው፣ የ1888 ዓ.ም.ን የዓድዋ ጦርነት በሜዳ ላይ ያሳያሉ። ይህንን «የሥራ ፈት ጨዋታ» እያሉ የሚያጥላሉ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስላሉ፣ ጥቂት ሐሳብ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

እኔ በበኩሌ ጨዋታውን እወደዋለሁ፤ ጉድለቱ ሕግ የሌለው መሆኑ ነው። ማን ተመታ፣ ማን መከተ ብሎ የሚዳኝ የለም። ጣሊያን ሆኖ ለመሰለፍ የሚፈቅድም አይገኝም፤ በመጨረሻ ዕጣው የሚወድቀው ወይ በደካማው ልጅ ላይ ወይም ከሌላ አገር በመጣው ላይ ነው። ይህች ነገር ከሁሉ ይልቅ ታሳስበኛለች።

አባቶቻችን ያለ ሕግ አይጫወቱም ነበር። በፈረስ ጉግስ አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው ያሳድዳል፤ የሚወረወረው ስለት የሌለው ዘንግ ነው፤ ሸሺውም በጋሻው ይመክታል። ኋላ ተራው ይገለበጥና አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል። በባሕር ማዶም በ1958 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ከተማ የተጀመረ አንድ ማኅበር አለ፤ አባሎቹ እንደ ጥንት የአውሮፓ ፈረሰኞች ለብሰው፣ የብረት ቁር ደፍተው፣ ወንበር በሚሠራበት ራታን በተባለ እንጨት ሰይፍ ይጋጠማሉ። ምቱ መድረሱን የሚናገረው ግን የተመታው ሰው ራሱ ነው! ተማሪ ከጎረቤቱ እንዳይገለብጥ ስንመክር ለኖርን መምህራን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህች ከተማ ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው እንደመለሷቸው አገር ያውቀዋል። ወጣቶቹ የቆሙት ሣር በተያዘበት ማለፍ ነውር መሆኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁ ስለ ነበረ ነው። በዚያች ሰዓት ማስተማር ቢጀመር ኖሮ ማን ይሰማ ነበር?

ስለዚህ ለዓድዋ ጨዋታ ሕግ ይውጣለት። ጦሩ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ዘንግ ይሁን፤ ፊት አይመታ፤ የተመታ ራሱ ተናግሮ ይውጣ፤ ጣሊያን የመሆን ተራም ለሁሉ ይድረስ፣ ለክፍሉ አለቃ ጭምር። አንድ ባልደረባዬ የማቆሚያው ምልክት ለምለም ሣር ይሁን ብሎኝ ነበር፤ በዚህስ አልስማማም። ለጨዋታው የዳኛ ፊሽካ ይበቃል፤ ሣሩ ለቁም ነገር ይቀመጥ።

ነገሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዘንግ፣ አሮጌ ጨርቅና አንድ የስፖርት መምህር ካሉ ይበቃል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከመጪው የካቲት በፊት ቢያስቡበት ምን ይመስላቸዋል?

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአርባ ምንጭ