ጅምር ሁሉ ስንፍና ነውን?

ከአንዲት ሠልጣኝ

ባለፈው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ አንድ ወንድማችን «ጀማሪ በዛ፣ ጨራሽ ጠፋ» በሚል ርእስ የሰነዘረውን ትችት ብዙዎቻችሁ ቆማችሁ እንዳነበባችሁት እገምታለሁ። እኔም አንብቤዋለሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ጽሑፉ በጠቅላላው ስለ ጥናት ልማዳችን የሚናገር ሲሆን ብዙው እውነት ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ወደ መጨረሻው ላይ የእጅ ሥራን ለምሳሌ ያነሣና፣ አንዲት ሠልጣኝ ዓመት ሙሉ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ሹራብ ይዛ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ እንደምትታይ፣ እሱን ሳትጨርስ ስፌት እንደጀመረች፣ ስፌቱን ሳትጨርስ እንዝርት እንዳመጣች፣ አሁን ደግሞ ይባስ ብላ ሽመና ልማር እንዳለች ከገለጠ በኋላ፣ «እንዲህ ያለች መምህርት ነገ ተማሪዎቿን ምን ልታስተምር ነው?» ሲል ይጠይቃል። ስም አለመጥራቱ ጨዋነት ነው። ግቢያችን ግን ትንሽ ናት፤ ባለ አንድ እጅጌ ሹራብ ያላትም አንዲት ሠልጣኝ ብቻ ናት። ስለዚህ መልሱን እኔው ብሰጥ ነውር አይሆንም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ላስቀድም። ጅምር መብዛቱ ምንም ጉዳት የለውም አልልም። ለሙዳይ ያዘጋጀሁትን አለላ እርጥብ እንደሆነ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። ስመለስ ሻግቷል። ቀይና አረንጓዴ የተነከረው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ቆየኝ። ስንደዶ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ካልተለቀመ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው፤ ከገበያ ይገዛል ቢባልም የተማሪ ኪስ የታወቀ ነው። ያን ቀን ወንድማችን አጠገቤ ቢኖር ኖሮ የጻፈውን ሁሉ ፈርሜ እቀበልለት ነበር።

ሆኖም ጥፋቱ የመጣው አራት ነገር በመጀመሬ ነው ወይስ አለላ ሳይደርቅ እንደማይቀመጥ ባለመጠየቄ? እስቲ እናቶቻችንን እናስታውስ። በአንድ የገጠር ቤት ግድግዳ ላይ ወስፌው እንደተሰካበት የተንጠለጠለ ሰፌድ አለ። ከመደቡ ሥር በቅርጫት ውስጥ ባዘቶና እንዝርት አለ። እመቤቲቱ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አጥባ የተረፈቻትን ቁራጭ ጊዜ እንደ ሁኔታው ለአንዱ ታደርሳለች። ቀን ቡናው እስኪፈላ ስፌት፤ ማታ በኩራዝ እንዝርት። ጋቢ አራት ድርብ ነውና የአንድ ጋቢ ፈትል ወራት ሊፈጅ ይችላል። ታዲያ ፈትሉ እስኪያልቅ ቤቱ ያለ ሰፌድ ይቀመጥ? ይህችን ሴት «ጀማሪ» ብሎ የተቻት ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። «ባለሙያ» ነው የምትባለው።

ነገሩ ሌላ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሥራ ከሰው የሚጠይቀው የተለያየ ነው። እንዝርት ለለመደ ሰው ብዙ ዐይን አይፈልግም፤ እያሾሩ ማውራት፣ ማዳመጥ፣ አልፎ ተርፎም (መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉኝና) የፈተና ማስታወሻ በቃል ማጥናት ይቻላል። ስፌት ግን የቀን ብርሃን ይሻል። የአለላው ቀለም በመብራት ያታልላል፤ በአንድ ዙር ላይ ቆጠራ ከተሳተ ጥለቱ እስከ መጨረሻው ይዛባል። ሹራብ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ አውቶቡስ ውስጥ ይሠራል፣ ጊዜና ቦታ አይመርጥም። ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ የትም የሚሠራ ነገር ነገም ይደርሳል ይባላላ! ሽመና ከሁሉም ይለያል። ጉድጓዱ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ዐይንም ልብም በአንድነት ይወስዳል።

ስለዚህ አራቱ እርስ በርሳቸው አይሻሙም። የሚሻሙት ሁለት አዲስ ነገር ባንድ ጊዜ ልማር ሲሉ ነው። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ሽመናውን በጀመርኩበት ወር፣ ከአንዲት ጎረቤት ዘንድ የአለላ ጥለት አጣጣልም አብሬ ልማር ብዬ ሁለቱም እምቢ አሉኝ። ቀን በእግሬ የቆጠርኩትን ማታ በእጄ እያምታታሁ ሳምንት ሙሉ ስፈታ ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ደንቤ አንድ ብቻ አዲስ፣ የቀረው የለመድኩት እንዲሆን ነው። አዲሱ ሲያስለቅሰኝ ወደ አሮጌው እመለሳለሁ፤ ቢያንስ አንድ የማውቀው ነገር እንዳለ ለማረጋገጥ።

የሽመናው ነገር እንዲህ ነው። ከግቢያችን ኋላ ባለው ሰፈር ከዶርዜ የመጡ አንድ አዛውንት ሸማኔ አሉ። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ ያለ፣ በሽመና ስሙ የታወቀ አገር ነው፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳም ቢሆን ሸማኔዎቹ አብዛኞቹ የጋሞ ሰዎች ናቸው። እንደ ደንቡ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። ስለዚህ «ጋሼ፣ ሽመና ያስተምሩኝ» ብላቸው ሳቁ። «ለመሆኑ ፈትል ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «እንዴታ!» አልኩ በኩራት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ልቃቂት ይዤ ሄድኩ። አንዱን ክር በጣታቸው ጎተት አደረጉት፤ ተበጠሰ። «ይኸ ለማግ ይሆን ይሆናል። ለድር ግን አይሆንም» አሉና መለሱልኝ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ላስረዳ። ድር ማለት በርዝመቱ ተወጥሮ የሚቆየው ክር ነው፤ ማግ ደግሞ በመወርወሪያው ውስጥ ሆኖ ድሩን እያቋረጠ የሚመላለሰው ነው። ድሩ ሲወጠርና ሲመታ ስለሚውል ጠበቅ ብሎ መክረር አለበት፤ ማጉ ለስለስ ቢል አይጎዳም፣ እንዲያውም ልብሱን ያሞቀዋል። ዛሬ ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድር የሚጠቀመው የፋብሪካ ክር ነው። በየስብሰባው «ድር ቢያብር» እያልን ስንተርት እንውላለን፤ ድር ምን እንደሆነ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈትል ኖሬ ክሬ የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ሽመና ልማር ባልል ኖሮ ፈትሌ ልል መሆኑን የሚነግረኝ አልነበረም። አሁን አከራሬን አስተካክያለሁ። እንግዲህ ወንድማችን «ይባስ ብላ» ያለው አራተኛው ጅምር ሦስተኛውን አረመልኝ ማለት ነው።

በኋላ እሺ አሉኝ። ቢበላሽ ጉዳት እንዳይሆን፣ ነጠላው ተቆርጦ ከወረደ በኋላ በቀረ የድር ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። የሳቸው ቅዳሜ እንጀራቸው ነውና ለትምህርቱ የምከፍለው በፈትል ነው። እጄ ቶሎ ለመደ። እግሬ ግን! አንዱ መርገጫ ሲረገጥ ግማሹ ድር ይነሣል፤ በመካከሉ መወርወሪያው ያልፋል፤ መምቻው ማጉን ይመታዋል፤ ከዚያ ሌላው ይረገጣል። በወረቀት ሲጻፍ ሁለት መስመር አይሞላም። እኔ መወርወሪያውን ለመቅለብ ስጣደፍ ያንኑ እግር ደግሜ እረግጣለሁ፤ ያን ጊዜ ቅድም የገባው ማግ በመጣበት ተመዝዞ ይወጣል። ማጉንም አጥብቄ ስለምስብ ጠርዙ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ስጀምር ክንድ ከስንዝር የነበረው ስፋት ማታ ላይ አንድ ክንድ ብቻ ሆኖ አረፈው። አዛውንቱ ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው አዩኝ። አንድም ጊዜ እጄን ይዘው አላስተካከሉልኝም። ሲመሽ «እጅሽ ተምሯል፤ እግርሽ ግን ገና ትምህርት ቤት አልገባም» አሉኝ።

(በነገራችን ላይ፣ ከጉድጓድ ስወጣ አይተው «ሸማኔ ልትሆኚ ነው እንዴ?» እያሉ ለሚስቁ የግቢያችን ልጆች አንድ ነገር ላስታውስ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ለመድረስ እንደዘገየባችሁ ይገባኛል። ደግሞስ «ሴት አትሸምንም» የሚለውም ቢሆን አርጅቷል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸምኑ ሴቶች አሉ።)

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ለልምምድ ማስተማር ስንወጣ የደረሰኝ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ልጆቹን የወረቀት ሽመና አሠራኋቸው። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ በትምህርት ታሪክ የምናነሣው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል፣ እ.ኤ.አ. በ1840 የሕፃናት ማዋያውን «ኪንደርጋርተን» ብሎ የሰየመው ሰው፣ ለሕፃናቱ ካዘጋጃቸው ሥራዎች አንዱ በባለ ቀለም ወረቀት መሸመን ነበር። እኛ ባለ ቀለም ወረቀት ስለሌለን የአሮጌ ደብተር ሽፋን ቆራረጥን። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ያስገባው ቁራጭ እየወለቀ አስቸገረውና ሊያለቅስ ደረሰ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ሁለቱን ተከታታይ ቁራጭ በአንድ ዓይነት መንገድ አሳልፏቸዋል፤ ከላይ ያለፈው አሁንም ከላይ፣ ከታች ያለፈው አሁንም ከታች። የኔው የቅዳሜ ጥፋት! «እግርህ ደገመ» ልለው ምንም አልቀረኝም። ወረቀቱን ከእጁ አልወሰድኩም፤ ከላይና ከታች ያለፈውን በጣቱ እየነካ እንዲቆጥር ብቻ ነገርኩት። ጥቂት ቆይቶ ራሱ አገኘው፤ ከዚያ ለጎረቤቱ ሊያስረዳ ዞረ።

ያንን ልጅ ጉድጓድ ከመግባቴ በፊት ባገኘው ኖሮ ምን እንደምለው አውቃለሁ። «ልብ አትልም እንዴ?» ነበር የምለው፤ እኛም ስንባል ያደግነው ነዋ። እኛ ዕጩ መምህራን ፊደል ሳይገባን ሲቀር ምን ይሰማን እንደነበር ረስተነዋል። በሳምንት አንድ ቀን ምንም የማላውቅበት ቦታ ላይ ተቀምጬ መዋሌ ይህን መልሶ አምጥቶልኛል። ወንድማችን «ምን ልታስተምር ነው?» ላለው መልሴ ይኸው ነው።

ከሱ ጋር የምለያይበት ሌላም ነገር አለ፤ ሰውን የሚመዝነው በተጨረሰ ዕቃ ብቻ ነው። ይህ ሚዛን የሚያመጣውን አውቃለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የእጅ ሥራ ሠርተን እንድናመጣ ታዘዝን፤ የሚታረመውም ያለቀለት ብቻ ነው ተባለ። የኔ ሰፌድ እኩሌታው ላይ ነበር። በመጨረሻው ሌሊት አክስቴ ቁጭ ብላ ጨረሰችልኝ። ከአሥር ዘጠኝ አገኘሁ። ከገበያ ገዝተው ያመጡም ነበሩ፤ እነሱማ አሥር ከአሥር! አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ያመጣችው የራሷን ነው፤ ጠርዙ የተጣመመ፣ ሁለት ዙር የቀረው። ሦስት ሰጧት። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የክፍሉ ልጅ ከሰባ በላይ ነው፣ ማን ምን እንደሠራ የሚያዩበት ጊዜ አልነበራቸውም። ግን ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ወስፌ ስትይዝ አላየኋትም። እኔም ያንን ሰፌድ ቤት ወስጄ ከቁም ሳጥን ኋላ ከተትኩት፤ አክስቴ «የት ደረሰ?» ስትለኝ ትምህርት ቤት ወሰዱት አልኳት።

በዓመቱ መጨረሻ በተቋማችን የሚካሄደው የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽንም ያለቀለት ብቻ እንዲቀርብ የሚል ደንብ አለው። እኔ የምጠይቀው ይህ ደንብ እንዲሻሻል ነው። ጅምሩም ይቅረብ፤ የተፈታውና የጠበበውም ጭምር። ከሥሩ ሠሪው የት ላይ እንደተሳሳተና ምን እንዳደረገ በሁለት መስመር ይጻፍ። ለማረም ጊዜ ይፈጃል የሚሉ መምህራን እንደሚኖሩ አላጣሁትም። ለዚህ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። መምህሩ በየሁለት ሳምንቱ እየዞረ፣ ሥራው በደረሰበት ላይ ቀለም ያለው ክር ቢያስርበት ይበቃል፤ በአንዱ ሳምንት ቀይ፣ በሚቀጥለው ሰማያዊ። በመጨረሻ ሥራው በእጁ ሲገባ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ክሩ ይነግረዋል። አክስት በአንድ ሌሊት የጨረሰችው ሰፌድ እንዲህ ያለ ክር አይኖረውም፤ ከገበያ የመጣውም እንዲሁ። ለሰባ ልጅ ቢሆን እንኳ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚፈጅ አይመስለኝም። በሚቀጥለው ልምምድ ራሴ ሞክሬው ውጤቱን በዚሁ ግድግዳ ላይ ለመጻፍ ቃል እገባለሁ።

ሹራቡን በተመለከተ፦ ሁለተኛው እጅጌ የዘገየው ስለተረሳ አይደለም። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ረዝሞ፣ አንድ ጊዜ ጠቦ ሁለቴ ፈትቼዋለሁ። ሁለተኛውን ባለፈው እሑድ ጀምሬ አሁን ክርኑ ላይ ደርሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአዛውንቱ በር ክፍት ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ። ወንድማችን መጥቶ ማየት ከፈለገ ይምጣ፤ ክፍያው አንድ ልቃቂት ነው፣ ያውም ራሱ የፈተለው።