ካርዱ ወይስ ሳጥኑ?



ከዒሻ በኋላ አንድ ልጅ «ኡስታዝ፣ ክላሽ ሮያል ሐራም ነው?» ብሎ ያዘኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ተጫውቼዋለሁ፤ ደብረ ሲና ጉም ሲለብስ ቤት መዋል ነው።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2016 ከፊንላንድ የወጣ ነው። ከሰበሰብከው ካርድ 8 መርጠህ ከአንድ ሰው ጋር ለ3 ደቂቃ ያህል ትገጥማለህ። ለጀማሪ የምለው፦ በተሸነፍክ ቁጥር ካርድ አትቀያይር። አንዱን 8 ያዝና ልመደው፤ ውድ ካርድ ብቻ አትደርድር፣ ኤሊክሲር የሚሉት ጉልበት ያልቅብሃል። ይህ ማሰብ ነው፤ ሶላት እስካላሳለፈ ድረስ ቅር አይለኝም።

ቅር የሚለኝ ሳጥኑ ነው። ብር ከፍለህ፣ የትኛው ካርድ እንደሚወጣልህ ሳታውቅ የምትከፍተው። ይህ በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ከተከለከለው ማይሲር በምን ተለየ? የሳዑዲ ዑለማዎች በ2001 የፖኬሞን ካርድን ቁማር ይመስላል ብለው ከልክለዋል። ሙስሊም አገር ያልሆነችው ቤልጂየም እንኳ በ2018 በገንዘብ የሚከፈት የጌም ሳጥንን ቁማር ነው ብላለች።

ለልጁ «ተጫወት፣ አትግዛ» አልኩት። እስካሁን ስንት ብር እንዳወጣ ስጠይቀው ግን ጫማውን አንስቶ ወጣ።